ስድብ የለመዱ ወፎች

ፀጉር አስተካካዩ እያወራ መሥራት ስለሚያውቅበት ደንበኛው ብዙ ነበር። መቀሱ በእጁ፣ ወሬው በምላሱ፣ ሁለቱም ሳይደናቀፉ ይሄዱለታል። አርባን አልፎ ፎቶ ማንሳት ሲጀምር ግን ያ ሁሉ ወሬ ወደ አንድ ነገር ዞረ፤ ወደ ወፍ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱ በጨርቅ ታስሯልና መሸሻ የለውም፤ የድንቢጥን ጠባይ ከሀ እስከ ፐ ሳይሰማ አይነሳም።

ነገሩን የጀመረው በጓሮው ነው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት እንጨት ተከለ፣ በላዩ ጣውላ መታ፣ ጣውላው ላይ ጠርዙ የተሸረፈ ሰሃን አስቀምጦ ማሽላና ሱፍ በተነበት። አጠገቡ የቆመውን ደረቅ ግንድ ደግሞ በመሰርሰሪያ በሳስቶ ቀዳዳዎቹን በሞራ ጠቀጠቃቸው። ሞራው ለግንደ ቆርቁር ነበር። አናቱ ቀይ፣ ጀርባው ዝንጉርጉር የሆነ አንድ ግንደ ቆርቁር አንድ ቀን ማለዳ በአጥሩ ላይ ሲያልፍ አይቶት፣ ልቡ እዚያው አጥር ላይ ቀርቷል። ዋኔ የምትባለውን ርግብም ድንቢጥም ፎቶ አንስቷል፤ ሱፍ በጉንጯ ሞልታ የምትሮጥ ሽኮኮ እንኳ አንስቷል። የእሱ ምኞት ግን ያ ባለ ቀይ አናት ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን አማቱ ቤታቸው ገቡ። ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበርና ከሆስፒታል ሲወጡ ሚስቱ፣ "እማዬ ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም" አለች። እሱም "ምን ጥያቄ አለው፣ ቤቱ የእሳቸው ነው" አለ። አለ እንጂ ይፈራቸው ነበር። አማቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ ተሳፋሪ ሲያሰልፉ ነው። ድምፃቸው የሞተር ጩኸት ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ ሾፌርን ከነመሪው የሚያስደነግጥ ድምፅ ነው።

ከወደቁ በኋላ ግን ያ ድምፅ ጠፋ። ሐኪሙ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ ብሏል። እሳቸው "የት ልሄድ?" ብለው ከወጥ ቤቱ ወንበር አልነሳ አሉ። ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያሉ። ልጃቸው ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ድምፃቸው ጥቂት ጥቂት እያለ የተመለሰው በወፎቹ ምክንያት ነው፤ የተመለሰውም ለስድብ ነው።

"ደግሞ መጣህ አንተ ሆዳም? ትናንት የበላኸው የት ገባ?" ይላሉ ድንቢጡን። ዋኔዋን ደግሞ፣ "አንቺ አንገትሽን የምትሰብቂው ሙሽራ ነሽ እንዴ? ብይና ቦታ ልቀቂ።" ቁራ ከመጣ ከወንበራቸው ቀና ይላሉ። "አንተ ባለ ጥቁር ኮት፣ ከኋላ። ተራ ያዝ ብያለሁ።"

ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን በማይከፍትበት ቀን በመስኮቱ ግማሽ ላይ መጋረጃ ሰቅሎ፣ በመሀሉ ለሌንሱ ቀዳዳ አውጥቶ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይጠብቃል። አማቱ ከጎኑ ሆነው ጣቢያቸውን ያስተዳድራሉ። አንድ ቀን አልቻለም።

"እማማ፣ ትንሽ ዝም ቢሉልኝ።"

"በልጄ ቤት አፌን ልታስይዘኝ ነው?"

"ኧረ በፍጹም። ወፍ ድምፅ አይወድም፣ ይደነግጥብኛል።"

"እኔን ለምደውኛል። የሚደነግጡት ያንን የሚያፈጥባቸውን ትልቅ ዓይንህን አይተው ነው።"

"እማማ፣ ይሄ እኮ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ወፍ ፎቶ የሚነሳው በፀጥታ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ቤት ካለ የአማቱ አፍ ክርችም ነው። ወጥ ውስጥ ጨው በዛ አይሉ፣ አነሰ አይሉ። የማይበገር ፀጥታ ሆነ። ፀጥታው ግን ወፍ አላመጣም። ማሽላው ሰሃኑ ላይ ይተኛል፣ ሞራው ግንዱ ላይ ይተኛል፣ እሱም መጋረጃው ሥር ሊተኛ ምንም አይቀረው።

ሱቅ ሲገባ ደንበኞቹ ይጠብቁታል። "ዛሬስ ምን ተገኘ?"

"ወፍ የለም" ይላል። ይህን ባለ ቁጥር ሱቁ በሳቅ ይፈርሳል፤ እሱ ግን የእውነቱን ነው።

ይባስ ብሎ፣ ማታ ሲገባ አማቱ አንድ ነገር ብቻ ይነግሩታል። "ያ ቀይ ቆብህ መጥቶ ነበር።"

"የቱ?"

"ግንዱን የሚደበድበው። ሞራህን ጠራርጎ ሄደ።"

ሄዶ ሲያይ እውነትም ቀዳዳዎቹ ባዶ ናቸው። ወሽመጡ ቁርጥ ይላል። ድመት ይሆናል ይልና ራሱን ያጽናናል፤ ሞራውን እንደገና ይሞላል። ሚስቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ከፈተና ወረቀቷ ቀና ሳትል፣ "አንተ ስትኖር የማይመጣ፣ አንተ ስትሄድ የሚመጣ ከሆነ መልሱ ሩቅ አይደለም" አለችው። እሱ እንደ ቀልድ አለፈው።

አንድ ማለዳ ሚስቱ እናቷን ለዳሌያቸው ምርመራ ሆስፒታል ይዛ ሄደች። ሱቁም ዝግ ነበር። ቤቱ ውስጥ እሱና ካሜራው ብቻ ቀሩ። ዛሬ ቀኔ ነው አለ። ሞራውን ሞላ፣ ማሽላውን በተነ፣ መጋረጃው ኋላ ገብቶ ተቀመጠ።

ጠበቀ። ድንቢጦቹ በአጥሩ ቁጥቋጦ ላይ ተደርድረው መስኮቱን ያያሉ። ዋኔዎቹ ጣራ ላይ ሆነው መስኮቱን ያያሉ። ወደ ሰሃኑ ዝር የሚል የለም። እግሩ ደነዘዘ፣ ወገቡን ያዘው። ሚስቱ ያለችው ነገር ድንገት ትዝ ያለው ያኔ ነው። ወፎቹ የሚበሉት ስድቡ ሲኖር ነው። ስድቡ ከሌለ ለእነሱ ቤቱ ባዶ ነው፤ ባዶ ቤት ደግሞ ምን እንደሚያደፍጥበት አይታወቅም።

ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እናንተ ሌቦች" አለ በሹክሹክታ።

አንዲት ድንቢጥ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

ይሄ አበረታታው። አማቱ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ድምፁን አቀጠነ። "ደግሞ መጣህ አንተ ሆዳም?" አለ። አንድ ድንቢጥ ወደ አጥሩ ጫፍ ዘለለ። እሱም የአማቱን ሻርፕ ከወንበሩ መደገፊያ አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለ። የወጥ ቤቱን ማማሰያ እንደ ምርኩዝ ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከቁጥጥሩ ወጣ፤ ተነስቶ ቆሞ ማማሰያውን እየነቀነቀ፣ "ተሰለፉ ብያለሁ። አንተ ባለ ጥቁር ኮት፣ ከኋላ። እዚህ ጣቢያ እኔ እያለሁ መጋፋት የለም" እያለ ሲያውጅ፣ ወፎቹ በሙሉ ብር ብለው ጠፉ።

ከኋላው፣ "እኔ እንደዚህ ነው የምናገረው?" የሚል ድምፅ ሰማ።

ምርመራው ቶሎ አልቆ ኖሯል። አማቱ በሩ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሚስቱ ከኋላቸው አፏን በእጇ ይዛለች። ፀጉር አስተካካዩ ሻርፑን ያውልቅ፣ ማማሰያውን ይደብቅ ግራ ገባው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

"እማማ፣ እኔ... ወፎቹ እኮ እንቢ ብለውኝ ነው።"

አማቱ አፈጠጡበት። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቁ ከሆዳቸው እየገፋ ወጣ፤ በሩን ይዘው እስኪቆሙ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከወደቁበት ቀን ወዲህ ሲስቁ ያያቸው አልነበረም። ልጃቸው ሳቁን ስትሰማ እሷም ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ጠረገች።

"ድምፅህ የታነቀ ዶሮ ይመስላል" አሉት ትንፋሽ ሲያገኙ። "በል ቦታዬን ልቀቅ።"

ለቀቀ። ተቀመጡ፣ ሻርፓቸውን ተቀበሉ፣ በመስኮቱ ወደ ጓሮው አዩ። "በሉ ውጡ። ይቅርታ አድርጉለት፣ አማቼ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፍ ብቻ ነው የተቸገረው።"

መጀመሪያ ድንቢጦቹ መጡ። ከዚያ ዋኔዎቹ። እሱ መጋረጃው ኋላ ሆኖ ያነሳል። አማቱ ያስተናግዳሉ፤ አንዱን ይወቅሳሉ፣ ሌላውን ያመሰግናሉ። ጥቂት ቆይቶ ግንዱ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ኧ፣ ባለ ቀይ ቆብ። አረፈድክ። ትኬት አለህ?"

ግንደ ቆርቁሩ ራሱን አዙሮ መስኮቱን አየ፤ የእውነት ትኬት የተጠየቀ ይመስል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። የካሜራውን ቁልፍ እየሳቀ ነው የተጫነው።

ፎቶው ፍጹም አልሆነም። ምንቃሩ ደብዝዟል፣ ክንፉም እንዲሁ። አናቱና ዓይኑ ግን ጥርት ብለዋል፤ ዓይኑም ነገር የገባው ሰው ዓይን ይመስላል። አሳትሞ ሱቁ ውስጥ ከመስታወቱ ጎን ሰቀለው። "ምነው ደበዘዘ?" ያለው ደንበኛ ሁሉ ታሪኩን ከማማሰያው ጀምሮ ይሰማል።

ፎቶውን ባነሳ ማግስት፣ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ወደ አማቱ ሄዶ፣ "እማማ፣ አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ ዝም አይበሉብኝ" አላቸው።

"ዝም ያልኩት ተቀይሜ ብቻ አይደለም" አሉት። "አንተም እንደ ሐኪሙ፣ እንደ ልጄ፣ ይሄን አድርጊ ያን አታድርጊ ስትለኝ ሰለቸኝ።" በምርኩዛቸው ወደ ጓሮው ጠቆሙ። "ደግሞ ከዚህ ሆኜ ከጣውላው ሥር የሚለቅሙትን አላያቸውም። ወንበሩን ወደ ውጭ አውጣልኝ።"

ወንበሩን አወጣ። ተመልሶ ክንዱን ሰጣቸው። ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጣቶቻቸው ክንዱን ጨምድደው ያዙት።

"ብወድቅስ?" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። እስከዚያ ቀን ለማንም ያልተናገሩት ይህንኑ ነበር።

"ከሥር እኔ አለሁ። ቢወድቁም እላዬ ላይ ነው።"

"አንተ አጥንት ብቻ ነህ። ምን ትመቻለህ?"

እንዲህ እያሉ ደፉን ተሻገሩ። ወፎቹ ሁሉ ተነስተው በረሩ፤ አማቱ ግን አልተጣደፉም። ሣሩን እየረገጡ፣ ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ፣ ወንበሩ ድረስ ሄደው ተቀመጡ።

ክረምቱ ሳይገባ እስከ አጥሩ ደርሰው መመለስ ለመዱ፤ ማሽላውንም የሚበትኑት እሳቸው ሆኑ። ፀጉር አስተካካዩ ከመጋረጃው ወጥቶ ሣሩ ላይ በሆዱ ተኝቶ ያነሳል። የሱቁ ግድግዳ በፎቶ እየሞላ ነው። አሁን የሚጣሉት የትኛው ይሰቀል በሚለው ነው፤ እሱ ጥርት ያለውን ይመርጣል፣ እሳቸው ደግሞ ተራውን ጠብቆ የበላውን።