ሠላሳ አንድ ቢ

ጋረደው በሱዳን፣ በገዳሪፍ የእህል ገበያ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራውን የበላው በመጠርጠር ነው። ሰሊጥ በጆንያ ተጭኖ ከየእርሻው ሲመጣ፣ ነጋዴው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት እሱ ይጠራል። ሹል የብረት ቱቦውን በጆንያው ጎን ይሰካና ከመሃል ያለውን ፍሬ መዳፉ ላይ አፍስሶ ያየዋል። ላዩ ንጹሕ ሆኖ መሃሉ አፈር የተቀላቀለበት፣ እንዲከብድ ውሃ የተረጨበት፣ የአምናው ከዘንድሮው የተደባለቀ ከእጁ አያመልጥም። ሌባ የያዘ ሰው ሲቆጣ እንኳ እሱ አይቆጣም፤ ቀድሞ ጠርጥሮ ስለነበር አይገርመውም።

አንዲት ልጁ ብፅአት ከባሏ ጋር ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ፣ ከገባች ሰባት ዓመት ሆኗታል። እሱንና እናቷን ያለምወርቅን ለመውሰድ ያስገባችው ማመልከቻ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ተሳክቶ ቪዛው መጣ። የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በጦርነቱ ስለተዘጋ ከፖርት ሱዳን ተነሥተው፣ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይረው፣ ቶሮንቶ ሊገቡ ነው።

«አባዬ» አለችው ብፅአት በስልክ፣ «ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ ያለው ብቻ ከዐሥራ አምስት ሰዓት ያልፋል። ቋንቋውን አታውቁትም። ተለያይታችሁ እንዳትቀመጡ ቦታችሁን አስቀድሜ መርጫለሁ። ሠላሳ አንድ ኤ ያንተ ነው፣ መስኮቱ ጋ። ሠላሳ አንድ ቢ የእማዬ።»

«ማን ሊቀይረው ይችላል?»

«የትኬታችሁን ኮድ ያወቀ ሰው ካልሆነ ማንም። ስድስት ፊደል ነው። ለሰው እንዳታሳይ።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ለጋረደው በቂ ነበረች። ኮዱን ማን ማን እንደሚያውቀው ቆጠረ። ብፅአት፣ እሱ፣ ያለምወርቅ፣ ደግሞም አይናለም። አይናለም በአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል እስማኤል የሚባል ሰው ትኬት ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ትኬታቸውን ያተመችላቸው እሷ ናት። ጋረደው ልጅቷ ላይ መተማመን ስላልፈለገ ኮዱን ስልኩ ላይ እያስገባ የመቀመጫውን ሥዕል መክፈት ከብፅአት ተማረ። በየሁለት ቀኑ ይከፍተዋል። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ጎን ለጎን ቀልመው ሲያይ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ይከታል።

ሊሄዱ ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀራቸው ከቀትር በኋላ ከፈተው። ሠላሳ አንድ ኤ እንዳለ ነው። ቢ ባዶ ነው። የያለምወርቅ ስም አርባ ሁለት ሲ ላይ ሄዶ ተቀምጧል። ከሱ ዐሥራ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ፣ መተላለፊያው ዳር።

ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዞ በቀጥታ ትኬት ቤት ሄደ።

«አይናለም፣ የሚስቴን መቀመጫ ለማን ሸጥሽው?»

ልጅቷ ከኮምፒዩተሩ ቀና አለች። ፊቷ ቀላ። «ጋሽ ጋረደው፣ መቀመጫ አይሸጥም። ምናልባት... ኩባንያው ራሱ ይሆናል የቀየረው። ያጋጥማል።»

«ኩባንያው የሚስቴን ብቻ ለይቶ?»

«ወላሂ እኔ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ወረቀት ታስተካክል ጀመር።

ጋረደው የውሸት ፊት ያውቃል። ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሰው ሁሉ ይስማ! ይቺ ልጅ የሰው ኮድ ይዛ የምትነግድ ናት። ትኬታችሁን እዚህ ያሳተማችሁ ተጠንቀቁ!» ቤቱ ውስጥ የነበሩ አምስት ስድስት ሰዎች ዞር ብለው አዩ። አንዲት ሴት ለአይናለም ዘርግታው የነበረውን ፓስፖርት መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እስማኤል ከጓዳ ወጥቶ በዐረብኛ «ያ ጋረደው፣ ምንድን ነው?» ሲል እሱ ወጥቶ ሄዷል።

ቤት ሲደርስ ለሚስቱ ምንም አልነገራትም። መጀመሪያ መሃሉን ማየት ይፈልጋል።

«ዛሬ የት ዋልሽ?» አላት ብቻ።

«የት እውላለሁ? እዚሁ ነኝ።»

«ትላንትናስ?»

«ቤተክርስቲያን ሄጄ ነበር። ምነው?»

በማግሥቱ የጎረቤታቸው ባል፣ ረዳ የሚባለው የራክሻ ሾፌር፣ በሰላምታ መሃል «ከትላንት በስቲያ ያለምወርቅን ትኬት ቤት አደረስኳት፤ መንገዱ ተቃረበ አይደል?» አለው። ጋረደው «ተቃረበ» ብሎ አለፈ። የትኬት ቤቷ ልጅ ፊቷ የቀላው ሰርቃ አይደለም፤ ያለምወርቅን ደብቃ ነው። መቀመጫውን የቀየረችው ራሷ ሚስቱ ናት።

ለምን? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበም። ከሦስት ዓመት በፊት ሙቀቱ አላስተኛኝ አለ ብላ አልጋዋን ለይታ በረንዳው ላይ ማደር መጀመሯ ትዝ አለው። ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ የእህቱ ልጅ ስትዳር መንገዱ ይደክመኛል ብላ ቀርታለች። ጎረቤት ቡና ስትጠራ እንኳ ቶሎ ተነሥታ ትወጣለች። ቪዛው ሲመጣም ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷ «ስንት ሰዓት ነው የሚበረው?» ብላ ብቻ ነው የጠየቀችው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሲያስቀምጣቸው አንድ መልስ ሰጡት። ያለምወርቅ ጎንደር ሁለት ወንድሞች አሏት። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ሲቀየር አጠገቡ ካልተቀመጠች፣ ትሳፈር አትሳፈር በምን ያውቃል? እሱ በመስኮቱ ደመና እያየ ቶሮንቶ ሲደርስ እሷ ጎንደር ትገባለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብራው የኖረችው ሴት በአንዲት ቁጥር ልታመልጠው ነው።

እሷ ውሃ ልትቀዳ በወጣችበት ሻንጣዎቹን ፈተሸ። ከትልቁ ሥር ያልነገረችው ትንሽ ቦርሳ አገኘ። ገንዘብ ወይ ደብዳቤ ጠብቆ ከፈተው። ውስጡ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደዱ፣ ታጥበው የታጠፉ ጨርቆች ብቻ ነበሩ። አንድ ሳሙና፣ አንድ ጥቁር ቀሚስ። ጨርቆቹን አንድ በአንድ ዘረጋቸው፤ የተጠቀለለ ነገር የለም። ለብቻዋ ቦርሳ፣ ለብቻዋ ቀሚስ። ምን እንደሆነ ባይገባውም ጥርጣሬው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። እንደነበረ አጣጥፎ መለሰው።

ያን ዕለት ስልኩን ከፈተ። ሠላሳ አንድ ቢ አሁንም ባዶ ነው። ብፅአት እንዳስተማረችው ስሟን ነካ፣ ሳጥኗን ነካ። የያለምወርቅ ስም ተመልሶ አጠገቡ ተቀመጠ። ማንንም አላማከረም።

ከገዳሪፍ ፖርት ሱዳን ሙሉ ቀን ነው። በየኬላው እየቆሙ፣ በከሰላ በኩል፣ በዚያ ሙቀት ያለምወርቅ አንድ ጉንጭ ውሃ አልጠጣችም። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጠቀ። ጠርሙሱን ሲሰጣት «አልጠማኝም» ትላለች። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የምትወርደው እሷ ናት። ጋረደው በመስኮት በዓይኑ ይከተላታል፤ ለማን ትደውል ይሆን እያለ።

በበነጋው በአየር ማረፊያው አዳራሽ ተሰለፉ። ሰው ሞልቷል፤ ከገዳሪፍ ሰሊጥ የሚገዛ ጋረደውን የሚያውቅ አንድ ነጋዴም ከሁለት ሰው በኋላ ቆሞ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ሱዳናዊት ሠራተኛ ፓስፖርቶቹን አይታ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት የመሳፈሪያ ወረቀት ሰጠቻቸው። ያለምወርቅ ንባብ ባትችልም ቁጥር ታውቃለች። የረጅሙን መንገድ ወረቀት አየችው። ደግማ አየችው።

«ይኼ አርባ ሁለት አይደለም» አለች።

«አይደለም» አላት ጋረደው። «አጠገቤ ነሽ። እኔ ነኝ የመለስኩት።»

ከሰልፉ ወጥታ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው እኔ አልሄድም። አንተ ሂድ።»

ይኸው፣ አለ በልቡ። አንድም አልተሳሳትኩ። ግን ደስ አላለውም። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ በዝግታ ጠየቃት። «ጎንደር ልትቀሪ ነበር፤ አይደል? ከወንድሞችሽ ጋ።»

ያለምወርቅ ምን እንደሚል ያልገባት መስላ አየችው። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጎንደር? ልጄን ትቼ?»

«ታዲያ ለምን ከእኔ ሸሸሽ?»

ዙሪያዋን አየች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና እሱ ብቻ እንዲሰማ ተናገረች። «ሽንቴን አልይዝም፣ ጋረደው። ከመጣ መጣ ነው፤ እስክነሣ አይጠብቀኝም። አይናለም ሥዕሉን አሳየችኝ። ቢ ማለት አንተና የማላውቀው ሰው መሃል ነው። እሱ ቢተኛ እንዴት አድርጌ ዘልዬው እሄዳለሁ? አርባ ሁለት ግን ከሽንት ቤቱ ሁለት እርምጃ ነው። ሰው ሳያየኝ እነሣለሁ።»

ጋረደው በረንዳው ላይ ያለውን አልጋ አሰበ። ጨርቆቹን አሰበ። በጠዋት ሳይነጋ የምታጥበውን ልብስ። ሁሉንም አይቶት ነበር፤ አንዱንም አላየውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ የሚያፈስ ጆንያ ስታገኝ ምን እንደምትል ሃያ ዓመት ሰምቻለሁ» አለችው።

ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ተራ የያዙት ሰዎች አጉረመረሙ። ሠራተኛዋ «ያ ሐጅ፣ አባቴ፣ ጨርሰሃል፣ ሂድ» አለችው።

«መቀመጫችንን ቀይሪልን» አላት በዐረብኛ። «ወደ ኋላ፣ ሽንት ቤቱ ጋ። አርባ ሁለት ሲ።»

«አርባ ሁለት ሲ ተይዟል። አውሮፕላኑ ሞልቷል፣ መዓሊሽ፣ ይቅርታ። ያለ ምክንያት አሁን አልቀይርም።»

ምክንያቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። ያለምወርቅ ከሩቅ ታየዋለች። ከኋላው የሰሊጥ ነጋዴው ጆሮውን አቁሟል።

«ዐያን ነኝ፣ በሽተኛ» አለ ጋረደው፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ሽንቴን መያዝ አልችልም። መስኮቱ ጋ ካስቀመጥሽኝ ልብሴ ላይ ነው የምለቀው። ሚስቴ ናት የምትረዳኝ፤ እሷን ዳር፣ እኔን ከአጠገቧ አድርጊን።»

አንድ ወጣት ከኋላ ሳቀ። ነጋዴው ግን አልሳቀም፤ መሬት መሬት አየ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ ጋረደውን ለአፍታ ተመለከተችው፤ ከዚያ ስልክ አንሥታ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገረች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ለችግር የሚያዙ ሁለት ቦታዎች ነበሩ። አዲስ ወረቀት አትማ ሰጠችውና «አላህ ይሽፊክ፣ አላህ ይማርህ፣ ያ ሐጅ» አለችው።

ወረቀቱን ለያለምወርቅ ሲሰጣት እጁን ያዘችው። «ገዳሪፍ በሙሉ ነገ ይሰማዋል» አለችው።

«ይስማ። እኛ እዚያ የለንም።»

ሊሳፈሩ እስኪጠሩ ገና ጊዜ ነበር። ጋረደው ስልኩን አወጣና አይናለም ጋ ደወለ። ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

«ልጄ፣ ጋረደው ነኝ።»

«እትዬ ያለምወርቅ ነገሩዎት?» አለች።

«ነገረችኝ። ምስጢሯን ጠብቀሽ እኔ ግን ስምሽን አጠፋሁ። ይቅር በይኝ።»

«እኔ ይቅር ብያለሁ። ግን ጋሽ ጋረደው፣ እርስዎ ለእኔ ብቻ አይደለም የተናገሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ወረቀቱን ለእስማኤል እንጂ ለእኔ አይሰጥም። አሁንም ቤቱ ሙሉ ነው፤ እኔ ተቀምጬ ነው ያለሁት።»

«የስልኩን ድምፅ ክፈቺው» አላት። «ሁሉም ይስማኝ።»

ልጅቷ ከፈተችው። ጋረደው የትኬት ቤቱን ጫጫታ፣ የራክሻ ጥሩምባ ሰማ። አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የእህል ገበያው ጋረደው ነኝ። ስለ መቀመጫው ያልኩት ሐሰት ነው። የቀየርኩት እኔው ነኝ፤ ልጅቷ አንድ ነገር አልነካችም። ያላመነ ትኬቱን እሷ ጋ ያሳትምና ይየው።» የሚመልስ ሰው ይኑር አይኑር ሳያውቅ መስመሩ ተቋረጠ።

አዲስ አበባ ላይ ሲወርዱ ያለምወርቅ ክንዱን ይዛ ነበር የሄደችው። ረጅሙ በረራ ሲጀመር መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ እሷ ዳር፣ እሱ አጠገቧ ተቀመጡ። የሽንት ቤቱ በር እየተከፈተ እየተዘጋ ሽታው ይመጣል፤ የመቀመጫው መደገፊያ ወደ ኋላ አይጋደምም። መጀመሪያ ስትነሣ አፍራ አየችው። ሁለተኛ ስትነሣ አላየችውም።

«መቼ ጀመረሽ?» አላት ተመልሳ ስትቀመጥ።

«ብፅአት ስትወለድ።»

«ገላባት? እርሻው ላይ ሳለን?»

«ገላባት። ሁለት ቀን አምጬ። ትንሽ ትንሽ ነበር ያን ጊዜ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው የባሰብኝ።»

ጋረደው ያን ክረምት አስታወሰ። ዝናቡ አላቆመም፤ ጥቁሩ ጭቃ የጭነት መኪናዎቹን ይዞ ስለነበር ወደ ሐኪም የሚሄድ መኪና አልተገኘም። ከዚያ ብፅአት ተወልዳ አለቀሰች፤ እሱም ከእርሻ ሠራተኞቹ መሃል እየሮጠ የማያውቀውን ሰው ሁሉ አቀፈ።

«እኔ እኮ» አለ፣ «በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ቀን የለኝም ብዬ ነበር የምኖረው።»

ያለምወርቅ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበች።

«ለእኔም ጥሩ ቀን ነበር» አለችው። «ክፉም ጥሩም፣ ሁለቱም ነው።»