ሞልቶ የሚፈስ ባሩድ

ሰው እንዴት አርባ አንድ ዓመት አብራው የኖረችውን ሚስቱን ይዋሻል? ኡርሆ ዋሸኝ። ያውም ዓይኔ እያየ!

ሐሙስ ጠዋት ፓስቲውን፣ ሥጋና ድንች የታሸገበትን ሊጥ፣ ምድጃ ውስጥ ከትቼ ምድር ቤት ብወርድ፣ ባሌ የቅዳሜውን የተኩስ ውድድር ጥይት ሞልቶ ጨርሶ ደርድሮታል። አርባ ፍሬ። እርሳሱን አቅልጬ የማፈሰው እኔ ነኝ፤ ባሩዱን ለክቶ የሚሞላው እሱ። ጠመንጃው የአያቱ ነው፤ ወታደር ከተሸከመው መቶ ሃያ ዓመት ያለፈው አሮጌ ነገር፣ ብዙ ባሩድ የማይችል። እንደኛ ያለ ሽማግሌ ስለሆነ በትንሹ ነው የምናበላው።

ጠረጴዛው ላይ ግን የማላውቀው ቆርቆሮ ተቀምጧል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የተኩስ ጓደኛዬ ክላረንስ የሰጠኝ ነው። ፈጣን ባሩድ፤ ቁንጥር ብታደርጊበት ይበቃዋል። አንዱ ቆርቆሮ እስክንቀበር ያደርሰናል።»

«ቶሎ እንድንቀበርማ ያደርገናል!»

ደሜ ፈላ። ቁንጥር ማለት የጥይቱ ቀለህ ውስጥ ታች ወለሉን ብቻ የሚሸፍን ነው። ረስተህ ሁለት ጊዜ ብትጨምርበት አፉ ድረስ እንኳ አይደርስም፤ ዝም ብሎ ይገባል። ከዚያ ቃታውን ስትስብ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ይህን ለእኔ ያስተማረኝ ራሱ ኡርሆ ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወፍራሙን፣ ቦታ የሚይዘውን ባሩድ የመረጥነው ለዚህ ነው፤ እጥፍ ከሆነ ሞልቶ ይፈስና ራሱን ያጋልጣል።

«እያንዳንዱን በባትሪ አይቻለሁ» አለኝ።

«በደንብ?»

«ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

«እንግዲያው እንፍታቸው።»

«የሁለት ቀን ሥራዬን? አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ? ከተጠራጠርሽ እመዝናቸዋለሁ።»

«ከሦስት ቦታ የተለቃቀመ ቀለህ! አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። እርሳሱም እንደዚያው። ቁንጥሯ እዚያ ውስጥ ትጠፋለች እንጂ ሚዛን ምን ይነግርሃል?»

«ሄልሚ፣ ተይኝ ብያለሁ!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔም አልለቀቅኩም። ሦስት ባዶ ቀለህ አነሳሁ። አንዱን ባዶውን ተውኩት፣ አንዱ ውስጥ ከአዲሱ ባሩድ ልኩን፣ አንዱ ውስጥ እጥፉን አደረግኩና መደርደሪያው እንጨት ላይ መብራቱ ሥር አቆምኳቸው። ባትሪውንም ሰጠሁት።

«እንዳትነካ። ልክ የሆነውን አሳየኝ።»

«እንደ ልጅ ልትፈትኚኝ ነው?»

«አዎ።»

ጎንበስ አለ። አንገቱን ወደ ቀኝ አዘመመ፣ ወደ ግራ አዘመመ፣ እንደ ዶሮ በጎን አየ። ፊት ለፊት ማየት የቻለ ሰው እንደዚያ አያይም።

«ይቺ ናት» አለ።

ጣቱን ያሳረፈው እጥፉ ላይ ነበር።

ቀለሁን አንሥቼ መዳፉ ላይ ገለበጥኩት። ባሩዱን ሲዳስሰው ገባው፤ ባትሪውን አጠፋና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአጋዘን አደኑ ወዲህ። ሐኪሙ የዓይኔ መሐሉ ነው የጠፋው፣ ዳር ዳሩ ይቀራል ብሎኛል።»

«አምስት ወር! ለሐኪም ነግረህ፣ ለእኔ አምስት ወር!»

«ለአንቺ ከነገርኩሽ ጠመንጃውን ትሰቅይብኛለሽ።»

«ጠመንጃው ገደል ይግባ! ትናንት በዚያ በረዶ ላይ መኪናውን ማን ነው የነዳው?»

«መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

በቃሌ! በጌታ! የጎረቤት ልጆችም በቃሉ ይሆን መንገድ የሚሻገሩት? አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ እናቱንም ሳልምር፣ ክላረንስንም፣ ሐኪሙንም። ፓስቲውም ከላይ አረረ፤ ሽታው ደረሰን፤ የተነሣ ግን የለም።

ከዚያ ተቀምጬ አርባውንም ፈታሁ። መዶሻ በሚመስለው መፍቻ አንድ በአንድ እየመታሁ እርሳሱን አወጣሁ፣ ባሩዱን ለየብቻ አየሁ። አርባውም ልክ ነበር፤ አንድም እጥፍ የለም።

«አየሽ?» አለ ደስ ብሎት።

«በዕድልህ ነው! ዕድል ደግሞ እንደ ባሩድ አይለካም።»

ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ተነሥቶ መደርደሪያውን በእጁ ዳበሰና የድሮውን ወፍራም ባሩድ አወረደ። የክላረንስን ቆርቆሮ ከድኖ በሩ አጠገብ አኖረው።

«ይሄኛው እጥፍ ከገባ እጄ ላይ ይፈሳል» አለ። «እኔ ልሙላ፣ አንቺ በባትሪ እይ። አይሆንም?»

«ይሆናል። መጀመሪያ የመኪናውን ቁልፍ አምጣ።»

እጁ ኪሱ ላይ ቆመ። ለጠመንጃው እንኳን እንደዚያ አልሆነም። ብዙ ቆይቶ አወጣና መዳፌ ውስጥ አስቀመጠልኝ።

«ሄልሚ፣ ከእንግዲህ ብዋሽሽ ዓይኔን ግን...»

አልጨረሰውም።

«ሌላ መሐላ ፈልግ» አልኩት። ቁልፉን የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ባትሪውን አበራሁ። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። የመጀመሪያውን ቀለህ ሞልቶ አቀበለኝ፤ እንባዬ ሞልቶ ስለነበር እኔም አልታየኝም።

«ልክ ነው?» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት። «እስኪታየኝ ቆይ።»