ጉጉቷና የሾላው ቅርንጫፍ

«ካሳነሽ፣ ያችን ባለጥለቷን ነጠላዬን አውጪልኝ! መሐመድዘይን ፎቶ ሊያነሳኝ መጥቷል።»

«ኧረ እትዬ ይታይሽ፣ እኔ የመጣሁት...»

«ለምን እንደመጣህማ አውቃለሁ። ፊቴ ሳይገረጣ አንድ ፎቶ በቀረልኝ ብዬ ሳስብ ነበር። እግዜር ነው የላከህ። የአንተው አላህም ይሁን፣ ብቻ ከወዲያ ነው የተላክኸው።»

መሐመድዘይን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጥፋቱ የካሜራው ነው። ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ የወረታ ሰው «የመሐመድዘይን ማተብ» ይለዋል። ዛሬ ግን ፎቶ ሊያነሳ አልነበረም የመጣው። ይታይሽ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ ፀጉሯን በመዳፏ ስታስተካክል ሲያይ፣ ወረታ ድረስ ሮጦ ሱቁን በላዩ ላይ ቢዘጋ በወደደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንበሳሜ ገበያ በበቅሎ ሲመለስ፣ አንድ ምሽት ቁሐር ሚካኤል ላይ ከይታይሽ ጓሮ ሾላ ውስጥ ጉጉት አየ። ፀሐይ ወደ ጣና አዘቅዝቃ፣ ሜዳው ላይ የተኛው ውሃ ቀልቶ፣ የመጨረሻዋ ጨረር የወፏን አንድ ዓይን ብቻ አብርታዋለች። ሌላው ሰው ጉጉት ሲያይ ድንጋይ ይፈልጋል። እሱ ፈዞ ቀረ። ከዚያ ወዲያ በዚያው በምሽቱ ብርሃን ካላነሳኋት ብሎ እንቅልፍ አጣ። መብረቅ የምትተፋዋን የካሜራውን አምፖል እንዳታስደነግጣት ሱቁ ውስጥ ትቶ እየመጣ፣ ወፏ እስክትለምደው ድረስ ከሾላው ሥር ሲቀመጥ ከረመ። እንዲህ ያለ አዛኝ ሰው ነው።

ችግሩ አንድ ቅጠላም ቅርንጫፍ ነበር፤ ፊቷን ያጠላባታል። አንድ ቀን አዛኙ ሰው መጥረቢያ ይዞ መጣና ቆረጠው። በምሽቱ ብርሃኑ ገባ፤ ፎቶውም ተነሳ። ሲታጠብ ያማረ ሆነና መሐመድዘይን እራቱን ረስቶ ሲያየው አመሸ።

ያ ቅርንጫፍ ግን ጉጉቷ ቀን ቀን የምትሸሸግበት ጥላ ኖሯል። በማግስቱ ቁራዎች አገኟት። እየተንጫጩ ሲነቁሯት ዋሉና ተሸሽጋ የተረፈችው በይታይሽ ቤት ክዳን ላይ ነው። ሲመሽም ከዚያው ከጉልላቱ ሥር ጮኸች።

ይታይሽ ወባ ጥሏት ገና ማገገሟ ነበር። ጉጉት በታማሚ ቤት ላይ ከጮኸች ያገሩ ሰው ሌላ ሐኪም አይጠይቅም። በሁለተኛውም ምሽት ስትጮኽ ይታይሽ ቆረጠች። «ልጄን ካሳነሽን ዕዳ ውስጥ ከምከታት ተዝካሬን በቁሜ ላውጣ» ብላ ጠላ አስጠመቀች፤ ያላትን አንድ በሬም ለእርድ አስጠጋች። በሬው ከጎረቤቷ ከአያልነህ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። እሱ ከታረደ የካሳነሽ ማሳ የሚያበቅለው ጓያ ሳይሆን አረም ነው።

መሐመድዘይን ይህን የሰማው ካሳነሽ ለተዝካሩ ጨው ልትገዛ ሱቁ ስትገባ ነው። ሳትጠይቀው ጨምሮ ሰፈረላት። «ምነው ዛሬስ እጅህ ተፈታ?» አለችው። እሷ ስትወጣ የጉጉቷን ፎቶ ከኮቱ ኪስ ከተተና ሱቁን ዘጋ።

አሁን በሩ ላይ ቆሟል። ይታይሽ ነጠላዋን አጣፍታ አገጯን ቀና አድርጋለች።

«እንዲህ ልሁን? ወይስ ወደ በሩ ልዙር?»

መሐመድዘይን ከኮቱ ኪስ የጉጉቷን ፎቶ አወጣና በሁለት እጁ ሰጣት። ካሳነሽ በእናቷ ትከሻ በኩል አየችና «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ይታይሽ ግን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ያዘችው።

«ይቺ ከጎኗ ያለችው ነጭ ምንድን ናት?»

«የቅርንጫፉ ጉቶ ነው፣ እትዬ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ብርሃን እንዲገባልኝ ብዬ።»

«የኔን ሾላ?»

«የእርስዎን ሾላ። ጥላ ስታጣ ቁራ አሳደዳትና ክዳንዎ ላይ ወጣች። የላካት የለም። ቤቷን ያፈረስኩባት እኔ ነኝ። በሬውን አያሳርዱት፣ እትዬ። ከፈለጉ እኔን ይርገሙኝ።»

ይኼኔ፣ የተጠራች ይመስል፣ ጉጉቷ ከላይ ከክዳኑ ጮኸች። ካሳነሽ ምሰሶውን ያዘች። መሐመድዘይን አንገቱን ደፋ፤ እንኳን ይታይሽን፣ ካሜራውንም ማየት አስጠላው። ውጭ በሬው ገመዱን ሲጎትት ይሰማል።

ይታይሽ ፎቶውን አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ጣራውን አየች።

«ካሳነሽ።»

«እመት።»

«በሬውን ፍቺው፤ ይጋጥ።»

መሐመድዘይን ለካሳነሽ ከበሩ ገለል አለላት። ይታይሽ ነጠላዋን አውልቃ ቀስ ብላ እያጠፈች ነበር።

«ሁለት ጋን ጠላ አስጠምቄያለሁ» አለችው፣ ቀና ሳትል። «አንተ እንደሁ አትጠጣም።»