የጠበሉ ጀሪካን

ማክሰኞ ግንቦት 11 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ይርጋነሽ ከቢቸና ጊዮርጊስ የቀዳችውን ጠበል በጀሪካን ይዛ እዚያው ቢቸና ካለው ቤቷ ደጅ ወጣች። ከሌላው ውሃ ጋር እንዳይምታታ የጀሪካኑን አንገት በቀይ ክር አስራዋለች። ባሏ፣ ባዘዘው፣ ከአሮጌ መኪናቸው ሥር ተንጋሎ ስለነበር ከጫማው በቀር ምኑም አይታይም።

«ሰማኸኝ? ይሄ ጠበል ነው። እህል ቀምሰህ እንዳትነካው። ጠዋት ጠዋት፣ ባዶ ሆድህን።»

«ሰምቻለሁ።»

«ለመኪናም እንዳታደርገው።»

«ምነው፣ ለእማሆይ ጠበል ይነፈጋታል?» ብሎ ከሥር ሆኖ ሳቀ።

«አትቀልድ። ማል!»

ባዘዘው ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ያን ጊዜ ፊቷን አይቶ ሳቁን ተወው። «ጊዮርጊስን» አለ።

እማሆይ የመኪናዋ ስም ነው። ከጣሊያን ጊዜ የቀረች አሮጌ መኪና ናት። ከቢቸና ሞጣ ስትመላለስ ዳገት ላይ ቤተ ክርስቲያን ባየች ቁጥር ፈልታ ትቆማለች። «ሳትሳለም አታልፍም» ብለው ስሙን ያወጡላት የሞጣ ገበያተኞች ናቸው። ሞተሯ አልቋል። አዲስ ሞተር ካላገኘች ከክረምቱ አታልፍም፤ እሷ ከቆመች ደግሞ የባዘዘው ሹፌርነት አበቃ። አንድ የአዲስ አበባ የመኪና ማኅበር በረሃውን አቋርጦ አሰብ የሚገባ ውድድር አዘጋጅቶ፣ ከአሮጌ መኪኖች አንደኛ ለወጣው አዲስ ሞተር እሸልማለሁ ማለቱን ሲሰማ እንቅልፍ ያጣው ለዚህ ነው።

«እማሆይ አሰብ ልትወርድ? መጀመሪያ ደጀን ትድረስ እንጂ!» አሉ ሞጣዎች።

አብሮት የሄደው የሞጣ ክሊኒክ ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ ሙክታር ነው። የባቲ ልጅ ስለሆነ ቆላውን ያውቃል። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ዕቃቸውን ጭነው ወጡ፤ ይርጋነሽም አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየች።

ሙክታር የተመለሰው ግንቦት 20 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻውን ነው። ይርጋነሽ ገብስ ታሰጣ ነበር። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። በዚህ ሰዓት፣ ያውም አንድ ሰው ለብቻው፣ ሞት ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ስታየው ደስ አላት።

«እሰይ! ገባችሁ? የታል እሱ? ከገበያው ቀረ?»

ሙክታር የሌላ አገር ሰው ነውና ሥርዓቱን አላወቀም። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠው። ቀዩ ክር አንገቱ ላይ ነበር። ይርጋነሽ ክሩን አየች፤ ከዚያ ገብሱ ላይ ተቀመጠች።

«ንገረኝ» አለችው።

ነገራት። ዓርብ ዕለት ከሚሌ ወዲያ የውድድሩን መስመር ተከትለው ከአስፋልቱ ወጥተው በጠጠሩ ሲነዱ ራዲያተሩ ያፈስ ጀመር። የሚጠጡትን ውሃ እየቀነሱ ጨመሩበት፤ እስከ አራት ሰዓት የያዙት ሁሉ አለቀ። እማሆይ ቆመች። የቀረው የጠበሉ ጀሪካን ብቻ ነበር።

«ጨምርበትና ወደ አስፋልቱ እንመለስ አልኩት። ‹ምያለሁ› አለኝ። እሺ ጠጣው እንግዲያ፣ ከንፈርህ ተሰነጣጥቋል አልኩት። ‹ጠዋት ጭኮ በልቻለሁ፤ እሱ ለነገ ጠዋት ነው› አለ።»

ዓርብ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባዘዘው ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ነው የሚውለው። ያን ሰሞን ግን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም። ጭኮውን በቅቤ አሽታ የቋጠረችለትም ራሷ ናት።

«ከዚያስ?»

«ኮረብታ ሥር ግመሎች አየሁ አለ። ‹ከሞጣ ገበያ እስከ ሞጣ ጊዮርጊስ ቢሆን ነው፤ ውሃ ለምኜ እመጣለሁ› አለ። የቆላ ኮረብታ ይዋሻል፣ ቅርብ መስሎ ሩቅ ነው፣ አትሂድ አልኩት። ‹አንተ እማሆይን ጠብቃት፤ አሮጊት ብቻዋን አትተውም› ብሎኝ ሳቀ። ባዶ ቆርቆሮ ይዞ ሄደ። ቅዳሜ የማኅበሩ መኪና ደርሶ ፈለግነው። ወደ እኛ ሲመለስ ነው የወደቀው፤ ፊቱ ወደ መኪናዋ ነበር። ቆርቆሮው ባዶ ነው። ሙቀቱ አያሳድርም ብለው እዚያው ቀበሩት።»

ይርጋነሽ አላለቀሰችም፤ መሞቱ ገና ልቧ አልገባም።

«እኔ ጠጣሁት፣ እትዬ» አለ ሙክታር። «ጠበል መሆኑን እያወቅሁ፣ የእናንተ መሆኑን እያወቅሁ ጠጣሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ጀሪካኑን አንስታ ነቀነቀችው። ከሥሩ ትንሽ ውሃ ተንቦጫረቀ።

«ለምን አልጨረስከውም?»

«ተመልሶ ቢመጣ ብዬ።»

ያኔ ነው የጮኸችው። ጎረቤት የተሰበሰበው በዚያ ጩኸት ነው።

ከአርባው በኋላ የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ኪዳን ዘንድ ሄደች። እንባዋ አልቆ ስለነበር ድምፅዋ የሰው ጉዳይ የምታስፈጽም ሴት ድምፅ ይመስል ነበር።

«አባቴ፣ በልቶ ቢጠጣው ኖሮ ይኮነን ነበር?»

አባ ወልደ ኪዳን መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደገፉ። «ለተጠማ ሰው ምን ሕግ አለ፣ ልጄ? ይጠጣው ነበር እንጂ።»

«አስምዬው ነበር።»

«መሐላውን እኔ እፈታው ነበር።»

«እርስዎማ ቢቸና ነበሩ፣ አባቴ» አለች።

አባም እጇን ይዘው ደጀ ሰላሙ ድረስ ሸኟት።

በአራተኛው ዓመት ይርጋነሽ ያንኑ ጀሪካን ጠበል ሞልታ፣ መቃብሩ ላይ ልታፈስለት በጭነት መኪና ሚሌ ድረስ ሄደች። ሦስት ቀን ጠየቀች፤ መቃብሩን የሚያውቅ ሰው አላገኘችም።