መቱ ላይ ያነከሱት ፈረሶች

በመቱ ፈረሰኞች ማኅበር ደንብ አባል የሆነ ሰው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው። ቀጀላም ስምንት ዓመት ሙሉ አባ ዳማ ሲባል ኖረ። ሚስቱ ተጂቱ እንኳ ቀጀላ የምትለው ስትቆጣው ብቻ ነበር። ፈረሱም ስሙን ያውቃል። ጉግስ ሜዳ ላይ «አባ ዳማ!» የተባለ እንደሆነ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ በሁለት እግሩ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው ጀግና የለም።

ጣሊያን በገባ በዓመቱ፣ ፈረስ ያለው ሁሉ ፈረሱን ይዞ መቱ ገበያው ሜዳ ላይ ይቅረብ የሚል አዋጅ ተለፈፈ። ጤነኛ ጤነኛው ለጦሩ ጭነት ሊወሰድ ነው። ከጎረቤቱ ከኖፓ ቀድሞ ከተወሰዱት ፈረሶች አንድም አልተመለሰም፤ ጀርባቸው ተልጦ ገደል እንደገቡ ግን ሁሉም ሰምቷል። ቀጀላ ይህን ሲያስብ እህል አልወርድ አለው። ልጅ አልወለደም፤ ዳማን ነው ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው።

የማኅበሩ አለቃ እሱ ነበርና ዘዴውንም ያመጣው እሱ ነው። ከጭራ የተነቀለ ፀጉር ከሰኮናው በላይ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ፈረስ ያነክሳል፤ ማሰሪያውም በእግሩ ፀጉር ተሸፍኖ አይታይም። የድሮ ፈረስ ነጋዴዎች ተንኮል ነው።

«ግን አደራችሁን» አለ ቀጀላ፣ «በዚያ ቀን ማንም ማንንም በፈረስ ስም እንዳይጠራ! ስማቸውን ከሰሙ ማንከሱን ትተው ይዘላሉ፤ ያኔ አለቀልን።»

ሳምንቱን በገዛ ስማቸው መጠራራት ሲለማመዱ ሰነበቱ። አባ ቡላ የሚባለው የቡሬው በዳሳ፣ «በዳሳ!» ሲሉት ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰለው ዘወር ዘወር ይል ነበር። ቀጀላ ሆዱን ይዞ ሳቀበት። ሰው በሰው ሲስቅ የራሱን መች ያያል!

ቀኑ ደረሰና ፈረሶቹ እያነከሱ ሜዳው ላይ ተሰለፉ። መኮንኑ የእያንዳንዱን እግር እያየ መጣ። ከጎኑ አስተርጓሚው ምንዳዬ ነበር። ምንዳዬ ጎሬ ውስጥ ለፈረንጅ ነጋዴዎች ሲሠራ ቋንቋቸውን የለመደ፣ ቀድሞ የማኅበሩ አባል የነበረ ሰው ነው። የራሱን ፈረስ ጣሊያኖች በገቡ ሰሞን ነጥቀውታል። ይሁንና ለእነሱ ማስተርጎም ሲጀምር ቀጀላ «ባንዳ ከእኛ ጋር አይውልም» ብሎ ከማኅበሩ አስወጣው፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን ያዞርበታል። ዛሬ የፈረሶቹ ነገር በዚህ ሰው አፍ ላይ መውደቁን ሲያይ የዳማን ልጓም አጥብቆ ያዘ።

መኮንኑ የዳማን እግር አየ፤ ራሱን ነቀነቀና ሊያልፍ ሆነ። ምንዳዬ እንደ ሥራው ጠየቀ፦

«ስምዎ ማን ነው?»

ቀጀላ ደረቱን ነፋ።

«አባ ዳማ!»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የሰማው። አይ የለመደ ምላስ! ዳማ ጆሮውን አቆመ፣ አሽካካ፣ በሁለት እግሩ ቆመ። ሲያርፍ የታሰረው እግሩ ከዳውና በጉልበቱ ወደቀ። ተነሥቶ ዘለለ፤ ደግሞ ወደቀ። የቀሩት ፈረሶችም ማሽካካት ያዙ። መኮንኑ እየጮኸ አንድ ነገር ጠየቀ።

ምንዳዬ ዳማን አየ፤ ቀጀላን አየ። ይህን ዝላይ በደንብ ያውቀዋል፤ ስንት መስቀል ጉግስ ላይ ተጋጥመውበታል። ከዚያም እጁን አንዴ ወደ ፈረሱ እግር፣ አንዴ ወደ ጭንቅላቱ እያወራጨ በጣሊያንኛ ብዙ ተናገረ። ቀጀላ አንድም ቃል አልገባው። «በቃ፣ ሸጠን» አለ በልቡ።

መኮንኑ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ። መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ ሜዳው ዳር የታሰሩትን የጦሩን በቅሎዎች በሥጋት አየ።

«ሂዱ ከዚህ!» ብሎ አምባረቀ ምንዳዬ ወደ እነ ቀጀላ። «ከእግር ጀምሮ ራስ ላይ የሚወጣ፣ በትንፋሽ የሚጋባ በሽታ ይዛችሁ ትመጣላችሁ? በቅሎዎቹን ሳትፈጁ ከከተማ አውጡልን!» ወደ ቀጀላ ጠጋ ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኦቦ፣ ቶሎ ይፍቱለት፤ እግሩ እንዳይሞት።»

ወደ ዳሪሙ በሚወስደው መንገድ ዛፉ ሲሸፍናቸው ቀጀላ ተንበርክኮ ፀጉሩን በጠሰ። ዳማ እግሩን አንጠልጥሎ ቆየ። ቀጀላ እያሸ ጠበቀ። ኋላ ዳማ ሰኮናውን መሬት አስነካ፤ ቀስ ብሎ ረገጠ፤ ጠበቅ አድርጎ ረገጠ። እፎይ! ቀጀላ ግንባሩን ፈረሱ አንገት ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማንም አልሳቀበትም፤ እነሱም ያለቅሱ ነበር።

ይሁን እንጂ ምንዳዬን ማመስገን አልተቻለም። ሰላም ያሉት እንደሆነ ይጠረጠራል፤ ከተጠረጠረ ይሰቀላል። ስለዚህ ቀጀላ ገበያ ላይ ሲያገኘው እንደ ቀድሞው ፊቱን አዞረ። ድሮ ማዞሩ ቀላል ነበር፤ አሁን ግን አንገቱን የሚቆርጡት ያህል አመመው። ጣሊያን እስኪወጣ እንዲሁ ኖሩ።

ጣሊያን በወጣ በመጀመሪያው መስቀል ማኅበሩ ጉግስ አወጣ። ምንዳዬ ከሕዝቡ ኋላ ለብቻው ቆሟል፤ ባንዳ ተብሎ የሚጠጋው የለም። ቀጀላ ዳማን እያስጋለበ በቀጥታ ወደ እሱ መጣ። ሰዉ ሊመታው ነው ብሎ መንገድ ለቀቀ። እሱ ግን ወረደና ልጓሙን ዘረጋለት።

«ውጣ» አለው።

«ኧረ ኦቦ» አለ ምንዳዬ ዓይኑ ዳማ ላይ እየቀላወጠ፣ «ሰው ያየናል።»

«ይየን!» አለ ቀጀላ፣ ጎንበስ ብሎም እርካቡን ያዘለት።