አሥራ አራት ሚሊሜትር

ለቤቱ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ከሰኞ ጠዋት እስከ ሐሙስ ማታ የምግብ ጠረጴዛው ለከፍተኛ ሥራ የተፈለገ በመሆኑ ማንኛውም ሰው ምግቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንዲበላ ተወስኗል። ሾርባ የሚመርጥ በራሱ ኃላፊነት።

ማስታወቂያው የማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ከታች የአባዬ ፊርማ አለ፤ ከፊርማው ጎን ደግሞ ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ «ረስቶ» ይዞት የመጣው የቀን ማኅተም። ከፍተኛ የተባለው ሥራ የእማዬ ሸሚዝ ነው።

አባዬ ሠላሳ አራት ዓመት ቀያሽ ነበር። መንገድ፣ ድልድይ፣ የጎረቤት አጥር፣ ያልለካው የለም። ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል፤ ሽሙጥ መሆኑ እስከ ዛሬ አልገባውም። መንገድ ላይ እንኳ ሁልጊዜ ከእማዬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ዓይኑን ከጀርባዋ ሳይነቅል ነው የሚሄደው። «ጎኔ ሂድ እንጂ፤ አጃቢ ነህ እንዴ?» ትለዋለች። ጆሮ ዳባ ልበስ። መርፌ ግን በእጁ ይዞ አያውቅም።

እማዬ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ዓርብ ለምክትል ርዕሰ መምህርነት ቃለ መጠይቅ አለባት፤ ሦስተኛዋ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የዕድሜ ገደቡን ስለምታልፍ አራተኛ የለም። ሁለቱን ጊዜ የወደቀችው በዕውቀት አይደለም። የኮሚቴው አስተያየት ቃል በቃል አንድ ነበር፦ «አመልካቿ ሲጠየቁ ይቁነጠነጣሉ፤ በራስ መተማመን ይጎድላቸዋል።» መቁነጥነጡስ እውነት ነው። የለበሰችው ልብስ ሁሉ ኮሌታው ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ እሷ ወደ ግራ ትጎትተዋለች፤ እሱ ተመልሶ ይሄዳል። ስታስተምርም፣ ስትበላም፣ ስትቆጣም እንደዚሁ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው» ትላለች።

ለዚህ ቀን ብላ ሟች እናቷ የሰጠቻትን አረንጓዴ ሐር ከሣጥን አወጣች። ሁለት ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ጣት የለውም። ፓተርኑን፣ ማለትም የሸሚዙን መቁረጫ ንድፍ፣ በፖስታ እንደታሸገ ገዛችው። ፖስታው ላይ እግሯ የመብራት ምሰሶ የሚያክል ሴት ተስላለች።

አባዬ ወረቀቱን ሲዘረጋው ፊቱ በራ። «ይኼማ ካርታ ነው! እኔ ነኝ የምቆርጠው።»

«አንተ?»

«ካርታ እያነበብኩ አይደለም እንዴ ያኖርኳችሁ?»

ፈቀደችለት። አንድ ነገር ብቻ ከለከለችው፤ ሜትር አይዞርባትም። «ቁጥሬ ፖስታው ላይ አለ። እኔ መሬት አይደለሁም፣ አልቀየስም» አለች። ሜትሩን ይዞ አንድ እርምጃ ከተጠጋት ኩሽና ትገባና በሩን ትዘጋለች።

ለሙከራ መጀመሪያ የተቆረጠው የእኔ አንሶላ ነው። ስለ አንሶላው ማስታወቂያ አልወጣም።

ማክሰኞ አክስቴ መጣች። የእማዬ ታላቅ እህት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፍታለች፣ የእማዬንም ልብስ የምትሰፋው እሷ ነበረች። አሁን ግን ዓይኗን ቀዶ ጥገና ተደርጋ መቀስ እንዳትነካ ሐኪም ከልክሏታል። አንሶላውን አንስታ ዘረጋችው።

«ይኼ ለማን ነው? ለሴት ነው ለኮረብታ?»

«እትዬ፣ ወረቀቱ ያለውን ነው የሠራሁት» አለ አባዬ። «መስመሮቹ ሲቀራረቡ ዳገት ነው፤ ሲራራቁ ሜዳ። ደረቱ ጋ ዳገት ስላለ ጨርቅ ጨመርኩለት።»

አክስቴ በእጇ ወንበር ፈለገች። «አንተ ሰውዬ! ይኼ የመሬት ከፍታ አይደለም፤ የሰው ልክ ነው! እያንዳንዱ መስመር አንዲት ሴት ናት። ቀጭኗ ከውስጥ፣ ወፍራሟ ከውጭ።»

«ስምንት ሴት አንድ ወረቀት ላይ?»

«ስምንት።»

«ይኼማ መጨናነቅ ነው» አለና ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። ምሳ ሲደርስ የእማዬ ቁጥር የሆነችውን ስድስተኛዋን ሴት በቀይ እርሳስ ለይቶ አወጣት።

አክስቴ ስትወጣ ጣቷን ቀስራ አስጠነቀቀችው። «ከመስመሯ ንቅንቅ እንዳትል! ጨርቁን ለሁለት እጠፈውና አንዴ ቁረጥ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይወጣል። ሕፃንም አይሳሳተው።»

ረቡዕ ቆረጠው። አላጠፈውም። ሐሩን ሳይደርብ ዘርግቶ፣ በስፒል ወጥሮ፣ ግራውን ለብቻው፣ ቀኙን ለብቻው።

ሐሙስ ጠዋት አክስቴ ደግማ መጣች። ዓይኗ ቢደክም ጣቷ አልደከመም፤ የፊቱን ግራ ቁራጭ በቀኙ ላይ ደርባ ጠርዙን ዳበሰችው። ትከሻው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«አንሷል። ቀኙ አንሷል!»

እማዬ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች ከጓዳ ወጣች። «ስንት?»

«አንድ ተኩል ሴንቲ ይሆናል። የእናቴን ጨርቅ ገደለው!»

«አሥራ አራት ሚሊሜትር ነው» አለ አባዬ።

«አውቀህ ነው?» አለች አክስቴ።

«አውቄ ነው።»

«ምን ሆነህ?»

የኋላውንም ቁራጭ አምጥቶ አሳያት፤ እሱም በቀኝ በኩል አሥራ አራት ሚሊሜትር አንሷል። እማዬ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። የቆረጠ መቀስ አይመልስም፤ ሌላ ጨርቅ የለም፤ ካሉት ሸሚዞች ደግሞ የማይንሸራተት የለም። «ነገ ነው እኮ» አለች። ትንሽ ቆይታ እንደ አዲስ፣ «ነገ ነው እኮ» አለች። እጇ ኮሌታዋን ይጎትት ነበር።

አባዬ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። ከሰኞ ጀምሮ በአንሶላዬ ቅሪት ሲለማመድ ሰንብቷል፤ አንሶላው ሲያልቅበት በትራስ ልብሶቼ ቀጥሏል። በሰዓት አንድ ክንድ ያህል ይሰፋል። አክስቴ ከጀርባው ቆማ ክሩን ትገሥጻለች፤ እሱን መገሠጽ ትታለች። አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ቁልፍ ተከለ።

ዓርብ ጠዋት እማዬ ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ኮሌታው ሄደ፤ የሚጎተት ነገር አጣ። ጥቂት አየር ላይ ቆየና ሥራ እንደፈታ ሰው ወረደ። ወዲያ ዞረች፣ ወዲህ ዞረች፤ ኮሌታው ከቦታው አልተነሳም።

አክስቴ ቀርባ ቀኝ ትከሻዋን በጣቷ ጫን አደረገች። ድምፅዋ ቀነሰ። «ዝቅ ያለ ነው። እኔ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ በኩል ስፖንጅ እየከተትኩ ነው የደበቅኩት፤ ኮሌታውን ግን አላቆመውም። ይከፋታል ብዬ።»

«የምን ስፖንጅ?» አለች እማዬ።

«ሂጂ አሁን፤ ይረፍድብሻል።»

እማዬ ደጃፍ ላይ የደብተር ቦርሳዋን አነሳች፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በቀኝ ትከሻዋ የተሸከመችውን። አየችው፤ ወደ ግራ አዛወረችውና ወጣች።

ለምሳ ተመለሰች። ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይነገራል። «እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር» አለች። «ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው። ሰብሳቢው 'ዛሬ ረጋ ብለዋል' አሉኝ።»

አባዬ ማስታወቂያውን ከማቀዝቀዣው በር ላይ እየላጠ ነበር።

«አንተ፣ አልለካኸኝም» አለችው። «ሜትር አላስነካሁህም። አሥራ አራቷን ሚሊሜትር ከየት አመጣሃት?»

«አልናገርም።»

«ለእኔም?»

«ላንቺም።»

«ለምን?»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እሱንም አልናገርም።»