ሆዷ የደረቀባት ሙሽራ

ስሚኝማ እህቴ፣ ጠጋ በይ። ለማንም እንዳትነግሪ አልልሽም፣ መቼም መንገርሽ አይቀርም፤ ብቻ ስትነግሪ እንዳታጣምሚው። ይኸውልሽ፣ ሀዲያ ገና ጎህ ሲቀድ በሙሽርነት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቅንጣት የምታክል ቢጫ ኪኒን ምላሷ ላይ አድርጋ፣ አንዴ በሩን አንዴ መጋረጃውን እያየች በአንድ ጉንጭ ውሃ ግጥም! ማሸጊያውን ትራሷ ስር ወሸቀችና ሆዷን ማዳመጥ ጀመረች። ሆድ ዝም። ድንጋይ ታውቂ የለ? እንደሱ።

ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ አልወጣላትም። በቃ እውነቱ ይሄ ነው። ምን አፍሽን ትይዣለሽ፣ አንቺ ደርሶብሽ አያውቅም?

ሀዲያ የገጠር ልጅ ናት። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍልን መካነ ሰላም ቤት ተከራይታ፣ ከጓደኛዋ ከብርሀንነሽ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ እየተኛች ነው የተማረችው። ባሏ ሁዜይፋ ደግሞ ሳውዲ ሰዉን ሁሉ ጠርጋ ባባረረች ጊዜ ከጅዳ ከመጡት ነው። ሳይባረር በፊት በላከው ገንዘብ እናቱ እዚሁ መካነ ሰላም ከተማ ብሎኬት ቤት አሠርተዋል። ቤቱማ ያምራል፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ፊትሽን ታይበታለሽ። ሽንት ቤቱ ግን ውጭ ነው፤ ከግቢው ጥግ አጥሩ ስር፣ በሩ ቆርቆሮ። ሲከፈት "ቂ...ጥ" ብሎ ሰፈሩን ይጠራል። በቤቱና በሽንት ቤቱ መሀል ደግሞ የሰርጉ ዳስ አለ። ሰርጉ አልቆ ዳሱ አልፈረሰም! የሁዜይፋ አጎቶችና ጎረቤቶች ከቀትር በኋላ እየተሰበሰቡ ይቅማሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ወሬ ይጠርቃሉ። ሽንት ቤት ልሂድ ያለች በመሀላቸው ነው የምታልፈው።

ሙሽራ ደግሞ አትታይም። ሙሽራ ትሸፈናለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ የቀረበላትን ትበላለች። የበላችው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይጠይቅም።

ማታ ማታ ከኢሻ ሰላት በኋላ አማቷ እማማ ኡሙልኸይር ባትሪ ይዘው ይወስዷታል። ክፉ ሴት እንዳይመስሉሽ፤ የሚሳሱላት ናቸው። ግን በሩ ላይ ቆመው "እህም! እህም!" እያሉ ይጠብቋታል። ገና ሳትቀመጥ "ጨረስሽ ልጄ?" ይላሉ። እስቲ አሁን አማትሽ በቆርቆሮ ማዶ እየጠበቁሽ የማን ሆድ ይታዘዛል? "ጨረስኩ" ትላለች፣ ትመለሳለች።

በዚያ ላይ ቀን ሽንቷ እንዳይመጣባት ውሃ መጠጣት አቆመች። ጭኮው፣ ገንፎው፣ ዶሮው፣ ቅቤ የጠጣው ቂንጬ ግን ይመጣል። "ብዪ እንጂ፣ ሙሽራ ካልወፈረች የኛ ቤት ነው የሚታማው!" ይሏታል አማቷ፣ አጉርሰው ሳይጨርሱ ደግመው እየጠቀለሉ። ሆዷ ተነፋ፣ ከበሮ መሰለ። ከዚያ አንድ ጠዋት የቅቤው ሽታ ሲመጣባት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መታጠቢያ ሳፋው ሮጠችና አስመለሳት።

እማማ ኡሙልኸይር ያኔ ሆዷን አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጣታቸውን አንድ በአንድ ሲያጥፉ ሀዲያ አየቻቸው። ከሰርጉ ወዲህ ያለውን ቀን እየቆጠሩ ነው። አልሞላላቸውም።

ብርሀንነሽ "ሙሽራ ልይ" ብላ ስኳር ይዛ የመጣችው በዚያው ቀን ነው።

"ምነው ገረጣሽ? ከሳውዲ የመጣ ክሬም ነው እንዲህ ያደረገሽ?"

"ዝም በይ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።"

"ውይ፣ አረገዝሽ? ኧረ ፈጣን ናችሁ እናንተ!"

"ብርሀንነሽ! አልወጣልኝም እያልኩሽ ነው።"

"ምኑ?"

ሀዲያ መጋረጃውን ገልጣ ማንም አለመኖሩን አየችና በጆሮዋ ነገረቻት። ብርሀንነሽ ትራሱን አፏ ላይ ደፍታ ሳቀች። ሀዲያ ቆነጠጠቻት። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፣ ከዚያ ሀዲያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ብርሀንነሽ ይሄኔ ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች።

"ወላሂ ሳይመሽ አመጣልሻለሁ" አለች። ክርስቲያን ናት፣ ግን ወላሂ ማለት ላይ ማንም አይደርስባትም።

አመጣችላትም። ከደረቷ ስር አውጥታ በእጇ እያስጨበጠቻት፦

"ፋርማሲ ያለችው ሴት ያለችውን ስሚ። ማታ ስትተኚ አንዷን ብቻ። ሌሊቱን ቀስ ብላ ትሠራና ጠዋት ላይ ያወጣሻል። ዘገየ ብለሽ እንዳትደራርቢ፣ ሆድሽን ይቆርጥሻል። ውሃ ጠጪ። ደግሞ እንዲህ ሲጨንቅ ነው እንጂ እንደ ከረሜላ በየቀኑ የሚበላ አይደለም፣ አንጀት ይለምድና ይሰንፋል። ምን አልኩሽ? ድገሚልኝ።"

"ማታ አንድ።"

"ጎበዝ።"

ማታ ሲመጣ ግን ሀዲያ ፈራች። ውጣ ብትተኛና ሌሊት ቢመጣባትስ? ባሏ አጠገብ? ጨለማ ውስጥ አማቷን ቀስቅሳ? እንኳን ልታደርገው ስታስበው ላብ አጠመቃት። ስለዚህ ምን አሰበች መሰለሽ፣ እንደ ኮሶ ላድርገው አለች። በነሱ ቀበሌ ኮሶ የሚጠጣው ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆድ ነው። ረፋድ ላይ ይሽራል፣ ሆድን ጠራርጎ ይወጣል ማለት ነው። ካልሻረ ይደገማል። እናቷ ስታደርግ እያየች ነው ያደገችው። ጠዋት ከዋጠችው ረፋድ ላይ፣ ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ ሳይሰበሰቡ፣ ብር ብላ ሄዳ ትገላገላለች። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም እኮ፤ ኪኒኑ ግን ኮሶ አይደለማ!

ረፋድ ሆነ፣ ምንም። የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ተሰማ፣ ምንም። "አልሻረም" አለች ሀዲያ ለራሷና ሁለት ደገመች። ሁለት!

የከሰዓቱ፣ የአስር ሰላት ተሰግዶ፣ ወንዶቹ ዳሱን ሞልተው፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ጨዋታው ደርቶ እያለ የጠዋቱ ኪኒን ነቃ። መጀመሪያ ከእምብርቷ ስር ጠቅ አደረጋት። ከዚያ ጨመደዳት። አልጋው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተጠቀለለች፣ ግንባሯ ላቡን አንቆረቆረ። "ያ ረቢ፣ ትንሽ፣ እስኪበተኑ ድረስ ብቻ" ትላለች። ከውጭ የሁዜይፋ ሳቅ ይሰማታል።

በዚህ መሀል ነው እማማ ኡሙልኸይር ገንፎ ይዘው የገቡት።

"ሱብሐነላህ! ምን ሆነሽ ነው?" ሳህኑን አስቀምጠው ሊያቃኗት ትራሱን ሳብ ሲያደርጉት ማሸጊያው ሴራሚኩ ላይ ጠብ አለ። አነሱት። ገለባበጡት። የፈረንጅ ፊደል ነው፣ እሳቸው ደግሞ ማንበብ አይችሉም። ያዩት ባዶ ባዶ ጉድጓዶቹን ነው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"መድኃኒት ነው እማ።"

"የምን?"

እስቲ አንቺ ብትሆኚ? የባልሽን እናት፣ አጉርሰው አጉርሰው የጣሉሽን ሴትዮ፣ ምን ብለሽ ትጀምሪያለሽ?

እማማ ኡሙልኸይር በሩን ዘግተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

"እውነቱን ንገሪኝ ልጄ። እኔና አንቺ ብቻ ነን። ይዘሽው ነው የመጣሽው?"

"ምኑን?"

"ምኑን ትለኛለች! ያስመልስሻል፣ አትበዪም፣ ሆድሽ ተነፍቷል። ዛሬ ደግሞ መድኃኒት ውጠሽ እንዲህ ትወድቂያለሽ። እኔ ወልጄ ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ልታስወርጂው ነው? በአላህ ይዤሻለሁ፣ ነፍስ እኮ ነው! አንቺም ትሞቺብኛለሽ!"

ሀዲያ ነገሩ አሁን ገባት። ሆዷ የተቆረጠው አንሶ አሁን ስሟ ሊቆረጥ ነው። ጫጉላዋን ሳትጨርስ አባቷ ተጠርተው፣ "ልጅዎን ይውሰዱ" ተብለው፣ እሷ ከኋላቸው አንገቷን ደፍታ ገበያውን ስታቋርጥ ታያት። ይሄን ሁሉ የምታስቀረው አንዲት ቃል ናት፣ እሷን ደግሞ ማውጣት አፈረች።

እማማ ኡሙልኸይር ተነሱ። "እንዲህማ ዝም ብዬ አላይሽም። ሐኪም ቤት ይውሰድሽ፣ ከዚያ የሚሆነው ይሁን።" በሩን ከፈት አድርገው ተጣሩ። "ሁዜይፋ!"

"አቤት እማ!" አለ ከዳሱ።

"እማ!" አለች ሀዲያ፣ ከአልጋው ላይ እየወረደች። "ሆዴ ደርቆ ነው! ከሰርጉ ጀምሮ አልወጣልኝም። የዋጥኩት ማስወጫ ነው፣ በቁርኣን! እድሜ ይስጥዎት ያሳልፉኝ፣ አሁን መጣ!"

አማቷ ማሸጊያውን እንደያዙ ዞሩ። ማመናቸው ነው፣ አለማመናቸው ነው፣ ፊታቸው አይናገርም። ግን ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ፣ አንድ እጇን ግድግዳ ላይ አድርጋ ስትቆም አዩ፤ ሴት ናቸው፣ ያ አቋቋም ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

"ቆይ፣ ቆይ! ወንዶቹ አሉ!" አሉ እየተጣደፉ። "እዚሁ ፖፖ ላምጣልሽ!"

ሀዲያ ሻርፗን ጠመጠመች። ከበሩ ጀርባ የውዱእ ኩስኩስቱን ብድግ አደረገች። ውሃው ውስጡ ቸፍ ቸፍ ይላል።

"አይ እማ። በእግሬ እሄዳለሁ።"

ወጣች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሙሽራ፣ ኩስኩስት ይዛ! ዳሱ በአንዴ ጸጥ አለ። አንዱ የጫት ቀንበጥ ወደ አፉ ሊያደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሁዜይፋ ግማሽ ተነስቶ ግማሽ ቁጭ እንዳለ ነው። ሀዲያ መሀላቸው ስትደርስ ምን እንደምትል ጠፋት፤ የመጣላትን አለች።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩም ሰላም!" አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። ምን ይበሉ ታዲያ!

ቂ...ጥ። በሩ ተዘጋ።

አሁን ያ ሁሉ ወንድ ጆሮውን አቁሞ ቁጭ ብሏል። እማማ ኡሙልኸይር ተከትለው ወጡ። ሀዲያ ከቆርቆሮው ውስጥ ሆና "እህም" የሚለውን ጠበቀች። አልመጣም። የመጣው የአማቷ ቁጣ ነው፣ ወደ ዳሱ፦

"ምን አፋችሁን ከፍታችሁ ትቀመጣላችሁ? ወሬ አለቀ ዛሬ? አውሩ እንጂ!"

የሁዜይፋ አጎት ጋሽ ሙሐሲን ቶሎ ገባቸው መሰለሽ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በጩኸት፣ "እናስ ጎበዝ፣ አጅባር ገበያ በሬው እንዴት ዋለ አላችሁኝ?" አሉ። ሌላው "እሳት ነው!" አለ፣ ሌላው "ኧረ ወርዷል!" አለ፣ ክርክር ተነሳ፣ ግቢው ገበያ ሆነ። በዚያ ሁሉ የበሬ ጩኸት ውስጥ ሀዲያ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገለች።

ስትመለስ ፊቷ የሰው ፊት ሆኗል። አማቷ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ጠበቋት። ገንፎው አልጋው አጠገብ የለም።

"አፉ በይኝ ልጄ" አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። "ሸይጣን ነው ያሳሰበኝ።"

"አፉ ብያለሁ እማ።"

"እኔ በሙሽርነቴ ጅብ እየጮኸ ነበር ወደ ቁጥቋጦው የምወጣው። ከጅቡ ይልቅ አማቴን ነበር የምፈራው። ለካ ይሄም ይረሳል።" ከዚያ መጋረጃውን እያስተካከሉ፣ "ሁዜይፋ ውጭ ቆሞ ምን ሆነች እያለ ነው። ራሷን አሟት ነው እለዋለሁ። ወንድ ልጅ ይሄን አይሰማም።"

ሀዲያ ውሃውን ጠጣች። ሳታቋርጥ እስከ ታች ጠጣችውና ብርጭቆውን መለሰችላቸው።

"አይ እማ። ሆዷ ደርቆ ነው በሉት። ካፈሩ ደግሞ ይጥሩት፣ እኔው እነግረዋለሁ።"

እሷው ነገረችው። ሁዜይፋ ሰማ፣ ጆሮው ቀላ፣ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የዳሱ ገመድ ሲፈታ፣ ቋሚው ከመሬት ሲነቀል ተሰማ።

ማታ ሀዲያ ለብርሀንነሽ ደወለች። ስለ ኮሶው ስትነግራት ብርሀንነሽ መጀመሪያ የስድብ መዓት አወረደችባት፤ ቀጥሎ መሳቅ ጀመረች፤ ካርዱ ሊያልቅ ደረሰ። ሀዲያ ግን አንድ ነገር ከንክኗታል። "ወንዶቹ ሁሉ አዩኝ እኮ ብርሀንነሽ፣ ኩስኩስቴን ይዤ! ነገ ከተማው ምን ይላል?" አለቻት። ብርሀንነሽ የመለሰችላትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

"ምን ይላል? ሽንት ቤት ሄደች ነዋ! እነሱስ የት የሚሄዱ ይመስልሻል?"